እትዬን ለዱባይ ሳዘጋጃት

ዱባይ ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ። አሁን በምኖርባት በአሜሪካዋ ኮሎምበስ ከተማ ዱባይ ልሄድ ነው የሚል ሰው ሁሉ ይህን ሲሰማ ስለ ረጅሙ ፎቅና ስለ ወርቁ ገበያ ይጠይቀኛል። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ከተማዋን ያየኋት ከሰው ቤት ወጥ ቤት መስኮት ነው። ረጅሙን ፎቅም ያየሁት መስታወት ስወለውል ነው። ቀሪዎቹን ሦስት ዓመታት ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ ቆየሁ፤ ከዚያ ዲቪ ደረሰኝና ወጣሁ። ስለዚህ ሰው አስጎብኚ ሲያደርገኝ ያናድደኛል። በፊት በፊት ለጠየቀኝ ሁሉ እመልስ ነበር፤ በኋላ "ጉግል አድርጉት" ማለት ጀመርኩ።

እትዬን ግን እንደዚያ ልላት አልቻልኩም። እትዬ ሞርስ ሮድ ላይ የቅመማ ቅመምና የባህል ልብስ ሱቅ አላት። እዚህ አገር እንደገባሁ ሥራ ያስያዘችኝ፣ መንጃ ፈቃድ እስካወጣ ድረስም በራሷ መኪና ያመላለሰችኝ እሷ ናት። በዕድሜ እናቴ ልትሆን ምንም አይቀራት፤ አንቱ ስላት ግን "አታስረጂኝ" ብላ ትቆጣኛለች። እኔም እትዬ እያልኩ አንቺ እላታለሁ። ባሏን ግን ጋሼ ነው የምላቸው፣ ከነአንቱታው።

እናቷን በአካል ካየች አሥራ ሰባት ዓመት አልፏታል። መጀመሪያ ወረቀቷ አላለቀም፤ ወረቀቱ ሲያልቅ ሱቁ ተከፈተ፤ ሱቁ ሲደላደል ኮሮና መጣ። በፈረንጆቹ 2021 መጨረሻ እንደምንም ልሂድ ብላ ስትነሳ ደግሞ ጦርነቱ ወደ አዲስ አበባ እየቀረበ ነው ተባለ። ጋሼ "አሜሪካ ዜጎቼ ውጡ እያለች አንቺ ትገቢያለሽ?" ብለው ከለከሏት። ዱባይን ያሰበችው ያኔ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ነው። ወንድሟ እናታቸውን ከዚያ ይሸኛል፣ እሷ ከዚህ ትሄዳለች፣ ሆቴል ይዘው አሥር ቀን አብረው ይሰነብታሉ። እናትየው ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ አውሮፕላን የሚያውቁት ከታች ሆነው ቀና ብለው ነው።

"አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እስላም አገር ነው፤ ምን ልልበስ? ምን አይባልም?" አለችኝ አንድ ቀን ሱቋ ውስጥ ሽሮ እየመዘነች።

ትከሻና ጉልበትሽ ይሸፈን፣ ሌላ ጣጣ የለውም አልኳት። ከተማው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ቀሚሷን የሚለካት ይመስላት ነበር። "ሞል ውስጥ ግማሽ ራቁቷን የምትሄድ ቱሪስት ታያለሽ" አልኳት፤ "አንቺ ግን ከእናትሽ ጋር ነሽ፣ ተከናነቢ።" ወንድ እጁን ቀድሞ ካልዘረጋ አትዘርጊ፤ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊና ሰላም በይ። ሴት ልጅ ሳታስፈቅጂ ፎቶ አታንሺ። ባቡር ውስጥ ማስቲካ እንኳ አታኝኪ፣ ይቀጡሻል። ጣሪያው ሮዝ የሆነውን ታክሲ የምትነዳው ሴት ናት፣ ለእናትሽም እሱ ይሻላል። ሰው "ይቺን ብቻ አድርሺልኝ" ብሎ የሚሰጥሽን ክኒን እንዳትቀበዪ፤ እዚህ ሐኪም ጽፎ የሚሰጠው የሕመም ማስታገሻ እዚያ ሊያሳስርሽ ይችላል። የጋሼን የወገብ መድኃኒትም ከቦርሳሽ አውጪ።

በጣም ያሳሰባት ማተቧ ነበር። "በጥሺ ይሉኛል?" አለችኝ፣ አንገቷን በእጇ ይዛ።

"ማንም አያይልሽም እትዬ። የሚያዩልሽ የባንክ ካርድሽን ነው።"

የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ምን ልትበላ እንደምትችል ጠየቀችኝ። ሥጋ የማይገባባቸው የሕንድ ምግብ ቤቶች አሉ፣ ምስር በሽ በሽ ነው አልኳት። አዛን ጎህ ሳይቀድ ስለሚጀምር እናትሽ እንዳይደነግጡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው ስላት ግን ሳቀችብኝ። "እናቴ? መርካቶ መስጊድ ጀርባ ተወልዳ ያደገች ሰው! እሷማ አዛን ካልሰማች የነጋም አይመስላት።" ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ ባይዋ እኔ፣ እናቷ የማያውቁትን አገር ለመልመድ የእኔ ምክር እንደማያስፈልጋቸው ያኔ ገባኝ።

ደጋግማ የምትጠይቀኝ ግን ስለ ኤርፖርቱ ነበር። እዚያ አገር በዋትስአፕ መደወል እንደማይሠራ፣ መልእክት ብቻ እንደሚያልፍ ነግሬያት ደንግጣለች፤ እናቷ ደግሞ ማንበብ አይችሉም። እሷ በጥቂት ሰዓት ቀድማ ስለምትደርስ የት ቆማ እንደምትጠብቃቸው አስረዳኋት። ተሳፋሪ ሻንጣውን ይዞ የሚወጣበት በር አለ፣ ከፊቱ የብረት መከለያ አለ፣ ስም የተጻፈበት ወረቀት የያዙ ሾፌሮች ይሰለፋሉ፤ ከእነሱ ኋላ አትሁኚ፣ መከለያው ጫፍ ላይ ቁሚ። የሱቁን ጠረጴዛ መከለያ አድርጋ ጫፉ ላይ ቆመች።

"እዚህ ጋ?"

"እዚያ ጋ።"

"ባታውቀኝስ?"

"በቪዲዮ ታይሻለች አይደል እንዴ!"

"በቪዲዮ ፊቴን ብቻ ነው የምታየው። ስሄድ ቀጭን ነበርኩ እኮ።"

በረራዋ እሑድ ነበር። አራት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ፣ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀምጬ ምሳዬን ስበላ ጋሼ ደወሉልኝ። ጋሼ ደውለውልኝ አያውቁም።

"እማማ ትናንት አርፈዋል" አሉኝ። "ዛሬ ተቀብረዋል። አንቺ ብቻ ሰምተሽ ዝም በይ።"

መርዶው ቅዳሜ ጠዋት እንዲሆን ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። በሥራ ቀን ሰው አይሰበሰብም፤ ብቻዋን ደግሞ አይነገራትም። እኔ ሐሙስ ኦፍ ስለሆንኩ ዕቃ ላግዝሽ ብያት ነበርና ጋሼ እሱንም ሰምተዋል። "ሂጂ" አሉኝ። "ከቀረሽ ትጠረጥራለች።"

"ጋሼ፣ አሁን ቢነገራትስ? ለጉዞ እየተዘጋጀች እኮ ነው።"

"ሱቅ ውስጥ ብቻዋን ሆና? መኪና እየነዳች? ሰው እንደ ሰው ነው የሚረዳው" አሉኝ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። ተናደድኩ፤ ግን እኔም ስንቱን ሰው በማለዳ ቀስቅሼ አርድቻለሁ። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ይህ ወግ ደግ ይሁን ክፉ ያን ቀን መለየት አቃተኝ፤ ምሳዬን ደፍቼ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ሐሙስ ክሊንተንቪል ያለው ቤታቸው ስደርስ ሁለት ሻንጣ ሳሎን መሐል ተከፍቷል። ኮሌጅ የምትማረው ልጇ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ትነካካለች። እዚህ ያደገ ልጅ ፊቱን መቆጣጠር አይችልም ተብሎ ለእሷም አልተነገራትም። ጋሼ ሥራ ብለው ወጥተዋል። እንደ እውነቱ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው የሚያለቅሱ ይመስለኛል።

እትዬ ትንሽ አኩርፋለች። ወንድሟ "እማማ ከመሄዳቸው በፊት ዘመድ ሊሰናበቱ ገጠር ወጥተዋል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም" ብሏታል። "ዕቃዋን ሳታሰናዳ ምን ገጠር ያስኬዳታል? እግሯን እያመማት!" አለችኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ፎጣ ማጠፍ ያዝኩ። ፖላሪስ ከሚባለው ሞል ለእናቷ ጫማ ገዝታለች፣ ሶሉ ለስላሳ የሆነ፣ አንድ ዓይነት ሁለት ጥንድ። "ቁጥሯን አላውቀውማ። ሰባትም ስምንትም ወሰድኩ። ያልሆናትን ስመለስ ሪተርን አደርገዋለሁ።"

ከዚያ ሞርስ ሮድ ካሉት ሶማሌዎች ሱቅ የገዛችውን ጥቁር አባያ ለብሳ ከመኝታ ቤት ወጣች። አያስፈልግሽም ብያት ነበር፤ አልሰማችኝም። ወገቡ ጠቧት፣ እጅጌው ረዝሞ ጣቶቿን ውጦታል። ልጇ ቀና አለችና "ማም፣ ዩ ሉክ ላይክ ኤ ጀጅ" አለቻት፤ ዳኛ መሰልሽ ማለቷ ነው። እትዬ ዞራ መስታወት ውስጥ ራሷን አየች፣ ሳቋ ፈነዳ። እጅጌውን እያርገበገበች፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "እናቴ ስታየኝ ሰለመች ብላ ትሮጣለች!" አለች። እኔም ሳቅሁ። ካልሳቅሁ ይታወቅብኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሳቋን ስትጨርስ ዕንባዋን በአባያው ጠርጋ እንደገና ወደ ጥያቄዋ ተመለሰች። "እዚያ አሁን ብርድ አለ?"

"ውጭ የለም። ሞል ውስጥ ግን ኤሲው አጥንት ይገባል። ለእማማ ጋቢ ያዢ።"

ለእማማ ጋቢ ያዢ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሳላስበው፣ አፌ ለምዶት። እሷ ጋቢውን አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ ከጫማዎቹ አጠገብ ስታስገባ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃ ከፈትኩ። ስወጣ ዓይኔን አይታ "ምነው?" አለችኝ። አለርጂ ነው አልኳት፣ በታኅሣሥ ወር። አመነችኝ።

ዓርብ ለበረራው የሚያስፈልገውን የኮሮና ምርመራ ሄዳ ተመረመረች። አትሂጂ የሚላት አልነበረም። አፍንጫዋ በከንቱ ተጎረጎረ። ማታ ሥራ ልገባ ስል ኮል አደረገችኝ፣ ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆኖ፦ "ኔጌቲቭ ነው! ፈራሁ እኮ፣ ፖዚቲቭ ብሆን ምን ይውጠኝ ነበር? እናቴ ብቻዋን እዚያ በር ላይ!" እግዚአብሔር ይመስገን አልኳት።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ መኪኖቻችንን ከቤቷ ራቅ አድርገን አቆምን። ቄሱም ሽማግሌዎቹም ማስክ አድርገዋል፤ ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀናል። ውሻውን ሊያንሸራሽር የወጣ አሜሪካዊ ጎረቤቷ ቆሞ ተመለከተን፤ ምን መስለነው እንደነበር እንጃ። ጋሼ በሩን ከውስጥ ከፈቱልንና ተከታትለን ገባን። እትዬ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ከደረጃው ወረደች። በዚያ ሰሞን በረራ በየቀኑ ይሰረዝ ስለነበር ከፊት ያሉትን ሰዎች አይታ መጀመሪያ ያለችው፦

"ምነው፣ ፍላይቱ ካንስል ሆነ እንዴ?"

አንድ በአንድ ፊታችንን አየች፤ እኔ ጋ ስትደርስ ነጠላዬን አየች። ቄሱ መናገር ጀመሩ። "ሰኞ እኮ ነው የምትመጣው" አለቻቸው፣ ቀኑን የሳቱ ይመስል ልታርማቸው። ከዚያ ነው የጮኸችው። ልጇ ደረጃው ላይ ቆማ "ዋት ሃፕንድ? ዋት ሃፕንድ?" ትላለች። ወጥቼ አያትሽ ሞቱ ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት፤ በአማርኛ ነው የነገርኳት፣ እንግሊዝኛው ጠፍቶብኝ።

ሦስተኛው ቀን አልፎ ለቀስተኛው ሲቀንስ እትዬ መኝታ ቤት አስጠራችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ድምፅዋ ተዘግቶ በሹክሹክታ ነው የምታወራው። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

"ሐሙስ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር እትዬ።"

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ጉልበቷን እያሻሸች "እናቴ አፈር ገብታ እኔ መስታወት ፊት ቆሜ እስቅ ነበር" አለች። "አንቺም ታዪኝ ነበር።" አጽናኝ ቃል ሁሉ አለኝ፤ የሥራዬ ግማሹ እሱ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አንዱንም ላወጣው አፈርኩ።

እጄን ያዘችኝ። "ወንድሜ አለ፣ ሁለት እህቶች አሉኝ። ከእንግዲህ አንዳቸው አንድ ነገር ቢሆኑብኝ ያኔውኑ ንገሪኝ። ሱቅ ብሆን፣ መኪና ብነዳ፣ በስልክም ቢሆን። ሰው ሰብስባችሁ እስክትመጡ የምስቀውን ሳቅ አልፈልገውም። ማይልኝ።"

"እነግርሻለሁ፤ ካልነገርኩሽ የእናቴን ሞት ያሰማኝ" አልኳት። ደግማ አስማለችኝ። ከዚያ ጋደም አለች፤ እንቅልፍ እስኪወስዳት እግሯን አሸሁላት።

ስወጣ ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉና ወደ ኩሽናው አስገቡኝ።

"እንዳለችሽ አታደርጊም አይደል?" አሉኝ።

"አላደርግም ጋሼ" አልኳቸው።