ሳይቀምሱ ያበሰሉልኝ እናት፦ እትዬ ዘይነባ

እትዬ ዘይነባ አረፉ። ማክሰኞ ጠዋት የሱብሂን ሶላት ሰግደው፣ «ትንሽ ጋደም ልበል» ብለው እንደተጋደሙ ነው የሄዱት። መርዶውን ሰመራ ትምህርት ቤት ድረስ ያመጣልኝ ባጃጅ የሚነዳ የሎጊያ ልጅ ነው። የክፍሉ በር ላይ ቆሞ «መምህር» ብሎኝ አቀረቀረ። ያን ጊዜ መርዶ መሆኑን አወቅሁ፤ ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ሲቀበሩ ሹፌሮቹ ተሳቢዎቻቸውን ዳር ይዘው አቁመው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በፀሐይ ተከትሏቸው ወጣ።

ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ነው። ከአዋሽ እስከ ጅቡቲ ባለው መንገድ እትዬ ዘይነባን የማያውቅ ሹፌር ካለ፣ እሱ ምግብ ሳይበላ የሚነዳ ሰው መሆን አለበት።

የወሎ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ተድረው አዋሽ ወረዱ፤ እዚያ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ለመንገደኛ ምግብ ይሸጡ ነበር። ልጅ ሳይወልዱም ባለቤታቸው ሞቱባቸው። ባቡሩ እየተዳከመ መኪናው እየበዛ ሲመጣ ድስቶቻቸውን ጭነው ሎጊያ ገቡና ያቺን ሁላችሁም የበላችሁባትን ቤት ከፈቱ። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሹፌር ከፍሎ ሲነሣ እስከ መኪናው ይሸኙታል።

«ጎማህን አይተሃል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ፍሬንህንስ?»

«ኧረ አይቻለሁ!»

«እንግዲያው የቀረው ተወኩል ነው፤ ለአላህ እንስጠው።» ይሉና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ። ሳያይ «አይቻለሁ» ያለ መሰላቸው እንደሆነ ግን «ሂድ ውረድና እይ፤ ዱዓዬን የትም አልጥልም!» ብለው ይቆጡታል። ስንቱ ግዙፍ ሰውዬ በእሳቸው ቁጣ ተንበርክኮ ጎማ ሲደበድብ አይቻለሁ መሰላችሁ።

እኔ ከደብረ ብርሃን ብርድ ተመድቤ የመጣሁ አስተማሪ ነበርኩ። የመጀመሪያ ሰሞን ሙቀቱ አዙሮ ሲጥለኝ ደግፈው ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። «ምነው አንቺ፣ እንደ ቅቤ ልትቀልጪብን ነው እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሽሮ አብረን በላን፣ ሩዝ አብረን በላን። ሥጋ ግን እሳቸውም በሃይማኖታቸው እኔም በሃይማኖቴ ነን፤ ስለዚህ አንድ ቀን እንኳ አብረን አልበላንም። ደግሞ አንዳችንንም ከፍቶን አያውቅም። ባለቤቴን ታደሰን ያወቅሁትም እዚያው ቤት ነው። ተሳቢ ይነዳ ነበር። ተጋብተን ሎጊያ ቤት ተከራየን፣ እኔም አረገዝኩ።

ሞባይል በየኪሱ ባልነበረበት በዚያ ዘመን አንድ ክረምት በጅቡቲ መንገድ ከዲቾቶ ወዲያ ከባድ ጎርፍ ወረደ። መንገዱ ተቆረጠ። ጎርፉ አንድ ተሳቢ ይዞ ሄደ ተባለ፤ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ታደሰ በዚያው መንገድ ላይ ነበር። ሰው ሁሉ እየመጣ «አይዞሽ፣ ይመጣል» ይለኛል። እኔም ይህንኑ ከእትዬ ዘይነባ አፍ ለመስማት ሄድኩ።

«እትዬ፣ ይመጣል አይደል?»

ሽንኩርት ይከትፉ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጡ። «የኔ እናት፣ የማላውቀውን ነግሬሽ አልዋሽሽም። ይምጣ አይምጣ የማውቀው ነገር የለም። አላህ ግን አይጥልሽም፤ ይኼን አውቃለሁ።»

ተናደድኩ። አገር የሰጠኝን ቃል እሳቸው ነፈጉኝ። ቢሆንም ሌላ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ትምህርት ቤቱ ዝግ ስለነበረ ቀኑን ሙሉ እሳቸው ጓዳ እውላለሁ። «አብሽሪ» ይሉኛል ባለፉ ባገደሙ ቁጥር። ወሎዎች አይዞሽ ሲሉ ነው።

መንገዱ ሳይጠገን አንድ የአፋር ሽማግሌ መጡ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ ሰው ከሰው ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል። በዳጉ መዋሸት ነውር ነው። ሽማግሌው ተቀመጡና ጀመሩ፤ ቋንቋውን የሚችሉ እትዬ ዘይነባ ብቻ ስለነበሩ አንድ በአንድ ይተረጉሙልኝ ጀመር። ዝናቡ ከየት እንደመጣ። ፍየሎቹን ወዴት እንዳሸሹ። ጎርፉ ሲጎድል አሸዋ ውስጥ የተገለበጠ መኪና እንዳዩ። ከዚያ በታች አንድ ሰው እንዳገኙ። ሽማግሌው ሌላ ቃል ጨመሩ፤ እትዬ ዘይነባ ግን መተርጎሙን ትተው ወደ እኔ ተጠጉ።

«ምን አሉ?» አልኳቸው።

እጄን ያዙ። «አንገቱ ላይ ማተብ አለው አሉ። ክርስቲያን መሆኑን ስላወቅን፣ ወገኖቹ መጥተው በሥርዓታቸው እስኪቀብሩት አውሬ እንዳይነካው ድንጋይ ከምረንበት ሰው አስቀምጠናል አሉ።» ቀጥሎ የሸሚዙን ቀለም ነገሩኝ፤ እኔው የገዛሁለት ነበር።

ሊያለሳልሱት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። እስከ መጨረሻው ቃል በቃል ነገሩኝ፣ እጄንም አልለቀቁም። እኔ ግን ብሶቴን የማወርድበት ሌላ ሰው አጣሁ መሰለኝ፣ በእሳቸው ላይ ጮኽኩ። «ይኸው! አይጥልሽም ያሉኝ አላህ ይኸውልዎት! እሱን ነው እመኚ የሚሉኝ?»

«አዎ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «እሱኑ ነው። ሌላ የለኝም።» ከዚያ አብረውኝ አለቀሱ።

ታደሰን አምጥተን ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። ለቅሶ የሚደርሱ ሰዎች ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ዝም ማለት የሚባል ነገር አይሆንላቸውም። «ለበጎ ነው»፣ «ለኸይር ነው» ሲሉኝ ጥግ ላይ ተቀምጠው የሚሰሙት እትዬ ዘይነባ አንድ ቀን አልቻሉም። «ስሙ! ለኸይር ነው ማለት የሐዘንተኛዋ ፋንታ ነው። እሷ ካለች ትበል። ጎረቤት ሻይ ያፍላ!» አሉና አንዷን ምጣድ የምታህል ሴትዮ ወደ ጓዳ ሰደዷት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ከለቅሶውም የባሰ ነበር። እህል አልወርድ አለኝ። ስጎርስ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ዱብቲ ሆስፒታል ስመረመር ነርሷ «ልጅሽ እየቀጨጨ ነው፤ ካልበላሽ ሁለታችሁንም እናጣለን» አለችኝ። ለእኔ ሕይወት ግድ አልነበረኝም። የታደሰ ልጅ ይሞትብኛል ብዬ ግን ፈራሁ፤ ፍርሃቱ ራሱ ደግሞ እህሉን ይበልጥ ዘጋብኝ። እትዬ ዘይነባ ሽሮም ሾርባም እያመጡ ሞከሩ። ወይ ፍንክች!

አንድ ሐሙስ ጠዋት ደጄ ላይ ሰው ሲጯጯህ ሰምቼ ወጣሁ። እትዬ ዘይነባ አንድ ዶሮ በብብታቸው፣ ቢላዋ በእጃቸው ይዘው አላፊ አግዳሚውን ወንድ ያስቆማሉ።

«አንተ፣ ክርስቲያን ነህ?»

ሰውዬው ቢላዋውን እያየ ወደ ኋላ አለ። «ም… ምን አጠፋሁ፣ እናቴ?»

«ምንም። ና ባርከህ እረድልኝ፤ ይቺ ልጅ እኔ ያረድኩትን አትበላም።»

አረደላቸው። የእኔን ድስት፣ የእኔን ማማሰያ አስወጡኝና እኔው ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ሲሠሩት ዋሉ። «ነገ ዓርብ ነው፣ ትጾማላችሁ፤ ዛሬውኑ ነው የምትበዪው» እያሉ ያቸኩሉኛል። አቀረቡልኝ። እንደምንም አንድ ጎረስኩ።

ወዮ ጨው! ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ምነው? ምን ሆነ?»

«እትዬ… ጨው ስንት ጊዜ ጨመሩ?»

«እኔ እንጃ! የእናንተን ሥጋ እንዴት ብዬ ልቅመሰው? መጨመሬንም አላስታወስኩ። ወላሂ፣ በተወኩል ነው የጨመርኩት!» ተወኩል ማለት በአላህ መመካት ነው፤ ዘወትር ለሹፌሮቹ የሚሉት ቃል። ጨው በተወኩል! ከታደሰ ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፣ እሳቸውም መሬት ላይ ተቀምጠው ሳቁ፣ እየሳቅኩ ሁለተኛ ጎረስኩ፣ ሦስተኛም። ውኃ በላይ በላዩ እየጠጣሁ በላሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ጉሮሮዬ አልተዘጋም።

ምጥ የያዘኝ ቀን አብረውኝ ዱብቲ ገቡ። «እትዬ፣ ፈራሁ» አልኳቸው።

«እኔም ፈርቻለሁ። መፍራት ምን ነውር አለው? ፈርቶ ወዴት መሄድ ነው እንጂ ነገሩ። በይ አንቺ ማርያምን ጥሪ፤ እኔ በበኩሌ እለምናለሁ።» እኔ እመቤቴን፣ እሳቸው ጌታቸውን ስንጣራ ዋልን፤ ነርሷ ምን እንዳሰበች ባላውቅም ፈገግ ስትል አይቻለሁ። ጽዮን ተወለደች። ትንሽ ነበረች፣ ግን ጩኸቷ ለሎጊያ ይሰማ ነበር። መጀመሪያ የታቀፏት እሳቸው ናቸው። እኔ ሳስተምር እሳቸው ጓዳ አደገች፤ ዛሬ ትልቅ ልጅ ናት።

እንግዲህ፣ እትዬ፣ ይህን ያልሰሙትን ልንገርዎትና ልሰናበትዎ። በቀብርዎ ማግስት ከዱብቲ የመጡ ሴቶች ለቅሶ ቤቱ ገቡ። አያውቁንም። በሩ ላይ ቆመው ግራ ተጋቡና «ባልም ልጅም አልነበራቸውም አሉ፤ አላህ ያጽናሽ የምንለው ለማን ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ ምን ነኝ ልበል? ያን ጊዜ ጽዮን ከጎኔ ተነሣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሹ ራስጌ፣ የሐዘንተኛ ቦታ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

«ለእኔ በሉ» አለቻቸው።

ደኅና ይሁኑ፣ እትዬ። ሴቶቹ ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ «አላህ ያጽናሽ» አሏት።