ደርቢለት ያልኳት እኔ ነኝ

ከሚኤሶ እስከ መቻራ እጁ እንደኔ የጠራ ነርስ አልተወለደም። ሳሙና ራሱ ሲያየኝ ያፍራል። ጭሮ በምሠራበት ሆስፒታል ለአዳዲስ ነርሶች የእጅ አስተጣጠብ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ከሳቃቸው የተነሳ ጣሪያው ሊነሳ ምንም አይቀረው። የእጄን ጥራት ምስጢር ግን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። አንባቢዬ፣ ለአንተ ልንገርህ፤ በሽተኛ ብዙም አልነካም ነበር።

የሚነካልኝ መች ጠፋ! እዚህ አገር በሽተኛ ብቻውን አይመጣም፤ አስታማሚው መንደሩን ነቅሎ ይከተለዋል። አስታማሚ ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ ሽንት ይደፋል፣ ጉሉኮስ ሲያልቅ ይጠራል። ሁላችንም ለምደነዋል። ግን ለሰው የሚሰጥ ሥራ አለ፣ የማይሰጥም አለ። ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜም አልፌበታለሁ። ደም የሚሰጠው በሽተኛ አጠገብ፣ በተለይ መጀመሪያ ላይ፣ ነርሱ ራሱ ነው የሚቆመው። ይህ አይሰጥም። እኔ ሰጠሁት።

ሙሜ የቦኬ ገበሬ ነበር። ደሙ አልቆ፣ መዳፉ እንደ ኖራ ነጥቶ መጣ፤ ደም ታዘዘለት። ከረጢቱን ሰቀልኩ፣ ጠብታውን አስተካከልኩ። ሚስቱ ሐሊማ እግሩ ሥር ተቀምጣለች። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዘበኞቹና ሾፌሮቹ ጫታቸውን ይዘው በበሩ ጥላ ሥር ተሰብስበዋል። ከባቡር ጋር ስለተጣላ የሚኤሶ ግመል ወሬ ጀምሬላቸው፣ ግማሹ ላይ ትቼ ነበር የገባሁት። ግማሽ ወሬ ደግሞ ያሳክካል።

«አየት አድርጊው» አልኳት በኦሮምኛ።

«ምኑን ልየው?»

«ምንም አይሆን። ከበረደው ደርቢለት።»

ከበረደው ደርቢለት! ከየት አመጣሁት? ብርዱ እኮ ራሱ ነው አደጋው። ደም አልስማማ ሲል ሰው ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ነርስ መጥራት፣ ደሙን ወዲያው መዝጋት ነው። የወባ በሽተኛ መሰለኝ? ወይስ ቶሎ ለመውጣት አፌ ላይ የመጣውን ወረወርኩላት? ይኸው እስከዛሬ አላውቅም።

ስመለስ ሙሜ አይታይም። ብርድ ልብስ፣ በላዩ ሽርጡ፣ በላዩ የሐሊማ ሻሽ፣ በላዩ ከጎረቤት አልጋ ለምና ያመጣችው ሌላ ብርድ ልብስ። ተራራ ነው፤ ተራራው ይንቀጠቀጣል። ሐሊማ ቀና ብላ አየችኝ፤ የታዘዘችውን ፈጽማለች። ስገልጠው ከንፈሩ ጠቁሯል፣ «ወገቤን» ይላል፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ደሙ አሁንም ይወርዳል።

እኔ ምን አደረግሁ? የተማርኩት ሁሉ ጭልጥ ብሎ ጠፋ። ሐኪም ልጥራ? ግፊት ልለካ? ወደ ቧንቧው ሄጄ እጄን ታጠብኩ። በሳሙና፣ ጣቶቼን እየፈለቀቅሁ፣ ልክ እንደማስተምረው። ለምን? እግዜር ይወቀው። ደሙን የዘጋችው ከወዲያኛው ክፍል ሮጣ የመጣችው ሲስተር ትዕግስት ናት፤ «አንተ ሰውዬ፣ ዝጋው እንጂ!» እያለች።

ሐኪሙ ደረሰ። አዲስ ነው፣ ኦሮምኛ አይሰማም። «ይሄን ሁሉ ማነው የደረበበት? ለምንስ ሰው አልተጠራም?» አለ።

«እሷ ናት። ሳትነግረኝ» አልኩት። ደርቢለት ያልኳት እኔ ነኝ።

ሐሊማ ጣቴ ወደ እሷ ሲቀሰር አየች። «አንተው አይደለህ እንዴ ያልከኝ?» አለችኝ በቋንቋዋ።

«ምን አለች?»

«አላወቅኩም ነበር ነው የምትለው» ብዬ ተረጎምኩለት። ወደ እሷ ዞሬ ደግሞ «ደርቢ ብልሽ እንዲህ ነው? አፈንሽው እኮ!» አልኳት። አንገቷን ደፋች። አመነችኝ።

የሙሜ ኩላሊት እምቢ አለ፤ ወደ ሐረር ተላከ፣ እዚያው ሞተ። የገደለው ደሙ ነው? ቀድሞ የነበረበት በሽታ ነው? ከረጢቱ ላይ ያለውን ስም ከእሱ ስም ጋር አስተያይቼ ነበር? አስተያይቼ እንደነበር ይታየኛል፤ ግን የሚታየኝ የዚያን ቀን ይሁን የሌላ ቀን፣ አልለይም። ባሰብኩት ቁጥር ከረጢቱ ቦታ ይለውጣል፤ አንዳንዴ ስም አለው፣ አንዳንዴ የለውም።

ባለፈው ክረምት ሐሊማ ትኩሳት የያዘውን ልጇን አቅፋ መጣች። ያ የጭሮ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ልጁ በስስ ሸሚዝ ብቻ ይንዘፈዘፋል፣ ብርድ ልብሱ እሷ ትከሻ ላይ ነው።

«ለምን አትደርቢለትም?» አልኳት።

«ዋላሂ አልደርብለትም። አባቱን በልብስ ገደልኩት። አንተ አይደለህ ያስረዳኸኝ፣ ወንድሜ?»

ቀልድ ፈለግሁ፤ አልመጣም። «ለትኩሳት እንኳ ቀለል ማለቱ ይሻላል» አልኳት። እውነት ነው፣ የተማርኩትም እንዲሁ ነው። በእውነት ውሸቴን ሸፈንኩበት። እሷም መረቀችኝ።

አንባቢዬ፣ አንተን ይቅርታ አልጠይቅህም፤ ባል የሞተባት እሷ ናት። ኦሮምኛ አቀላጥፌ እናገራለሁ፤ የሐሊማንም ቤት አውቀዋለሁ። ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ግን ሐሊማ አማርኛ ማንበብ ስለማትችል ነው።