የአክስቴ ሰፈር ቦኖ የተገመገመ ዕለት

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት በመጀመሪያው ዓመት፣ የትኛው ክፍል የትኛው ሕንፃ ውስጥ እንዳለ እንኳ በቅጡ ሳልለይ፣ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አየሁ። የከተማችን የሲቪል ማህበራት ኅብረት፣ የዘላቂ ልማት ግቦች ድሬዳዋ ላይ ምን ያህል እንደተራመዱ ከመንግሥት ጋር ሆኖ ሊገመግም ስለተዘጋጀ፣ በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ይፈልጋል ይላል። ከጎኔ ቆማ የምታነብ ልጅ «አበል አለው?» አለችኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። አበል የሚል ቃል የለውም። ዘወር ስል ብቻዬን ቆሜያለሁ።

ሥልጠናው የተሰጠው ከዚራ ሰፈር ነበር፣ ትልልቅ ዛፎች ያጠሉበት አሮጌ ግቢ ውስጥ። የአዳራሹ ማራገቢያ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከማመላለስ ያለፈ ሥራ አልነበረውም። አስተባባሪያችን ቀጠን ያለች፣ ስትናገር የምትሮጥ ሴት ናት።

«መንግሥት ሪፖርት ያቀርባል» አለችን። «የእኛ ድርሻ ሪፖርቱ የሚያወራለት ቦታ ድረስ ሄዶ ማየት ነው። ነዋሪውን መልስ እንዳታስጠኑት፤ እንግዳውንም እጁን ይዛችሁ ወደምትፈልጉት እንዳትጎትቱት። ገለልተኛ ካልሆናችሁ ማንም አይሰማችሁም።»

ይህን በሁለት ቀለም ጻፍኩና አሰመርኩበት። ሰው የነገረኝን በትክክል መፈጸም ደስ ይለኛል፤ እናቴ «ይህች ልጅ ቁጭ በይ ካሏት ተነሺ እስኪሏት ትቀመጣለች» ትላለች።

ለእኔ የተሰጠኝ ስድስተኛው ግብ፣ የንጹሕ ውሃ ነው። የሚጎበኙት ቦታዎች ሲነበቡ፣ መጋላ ውስጥ ያለው የአክስቴ ሰፈር ቦኖ ተጠራ። ደነገጥኩ። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ሙስሊም አግብታ መጋላ የገባችው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። ያ ቦኖ ደግሞ ውሃ ጠብ ካደረገ ብዙ ጊዜው ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን «አገልግሎት እየሰጠ ያለ» ተብሏል።

ከሥልጠናው በኋላ ወደ አስተባባሪዋ ሄጄ «ይቅርታ፣ እዚያ ሰፈር አክስቴ ትኖራለች። ገለልተኛ ላልሆን እችላለሁ» አልኳት።

«ድሬ ውስጥ የማንም አክስት የማትኖርበት ሰፈር ካገኘሽ ንገሪኝ» ብላ ቦርሳዋን አነሳች። ከዚያ ግን መለስ ብላ አንድ ነገር አስረዳችኝ። ጎብኚዎቹ ቦኖው እንደማይሠራ ካረጋገጡ የመጪው ዓመት ጥገና ውስጥ ይገባል፤ «ይሠራል» ካሉ ግን ቀረ፣ እንደገና የሚያነሳው የለም።

ይህ ለአክስቴ ቀላል ነገር አልነበረም። ጉልበቷ ያብጣል። ውሃ የምትቀዳው ከአሸዋው ማዶ ነው። የደረቀውን ወንዝ በሙቀት አሸዋው ውስጥ እየሰመጠች ትሻገራለች፤ ስትመለስ ጀሪካኑን በየጥቂቱ እያስቀመጠች ጉልበቷን ታሻለች። እሑድ እሑድ እኔ አግዛታለሁ፤ በሌሎቹ ቀናት ግን ብቻዋን ናት።

ስለዚህ ከጉብኝቱ በፊት ሄጄ ነገርኳት። ምንም አላስጠናኋትም። «እንግዶች ይመጣሉ። ሰፈሩን እንዳለ ይዩት» ብቻ አልኳት።

«እንዳለ?»

«እንዳለ።»

«እሺ የኔ ልጅ፣ አታስቢ» አለችኝ። ማሰብ ነበረብኝ።

በጉብኝቱ ጠዋት ከአስተባባሪያችንና ከሁለት እንግዶች ጋር መጋላ ደረስን። አንደኛው የገምጋሚዎቹ ልዑካን መሪ ነው፤ ሞላ ያለ፣ ነጭ ሸሚዙ በመተኮስ ብዛት የሚያብረቀርቅ ሰውዬ። ሁለተኛዋ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ታብሌት የያዘች ባለሙያ ናት። ባጃጁ ከጠባቡ መንገድ አፍ ላይ አወረደንና ወደ ውስጥ ስንገባ እግሬን ቀዘቀዘኝ። ወደ ታች አየሁ። መሬቱ እርጥብ ነው። አቧራው እንዳይነሳ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ተርከፍክፎበታል። በየደጃፉ በርሜል ቆሟል፤ ሁሉም ክዳኑ ተነስቷል፤ ሁሉም እስከ አፉ ሞልቷል።

አክስቴ የበዓል ሽርጧን ለብሳ በሯ ላይ ቆማለች። ጠጋ ብዬ በጆሮዋ «ምንድን ነው ያደረጋችሁት?» አልኳት።

«ምን አደረግን? እንግዳ አቧራ ይቀበለው?»

«ሰዎቹ የመጡት ውሃ መጥፋቱን ሊያዩ እኮ ነው!»

«ጠፍቷላ! ከንጋት ጀምሮ ሴቱ ሁሉ በአህያ ጋሪ ከማዶ ሲያመላልስ ነው ያረፈደው። ጉልበቴን ብታይው!»

«እና መሬት ላይ ደፋችሁት?»

«እንግዳ ባዶ በርሜል ይይልን? አንቺ ልጅ፣ ከተማርሽ ወዲህ ነውር የሚባል ነገር ጠፍቶብሻል።»

የልዑካኑ መሪ ግን ከሰፈሩ ሽማግሌ ጋር መነጋገር ጀምሮ ነበር። ሽማግሌውን ሁሉም ሐጂ ነው የሚላቸው።

«አባቴ፣ የውሃው ነገር እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ችግር የለም ማለት ነው?»

«አላህ ይመስገን፣ ሰላም ነው። እናንተስ? ልጆች ደህና? ሥራው? መንገዱስ አልከበዳችሁም?»

ሐጂ አልዋሹም። በዚያ ሰፈር እንግዳ ገና ደጅ ላይ ቆሞ፣ አፉ ላይ አንዳች ሳያደርግ፣ ችግር አይዘረገፍበትም። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ማዕድ፣ ብሶት የሚመጣው እጅ ከታጠበ በኋላ ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ አክስቴ ታውቃለች፣ የሰፈሩ ፍየል ሁሉ ያውቃል። የጥያቄውን ቅጽ ያዘጋጀው ሰው ግን አያውቅም።

መሪው ወደ ባለሙያዋ ዞረና «ጥሩ ነው፤ በየደጁ ሙሉ ነው። መሬቱ እንኳ ሳይቀር ጠጥቷል!» አላት። በራሱ ቀልድ ሳቀ። እሷም ታብሌቷን ነካ ነካ ማድረግ ጀመረች።

እጄን አወጣሁ። ትምህርት ቤት እንደለመድኩት፣ ቀጥ አድርጌ።

«ጥያቄ በማጠቃለያው ላይ» አለኝ መሪው በትሕትና።

አስተባባሪዬን አየኋት። ከንፈሯን ነክሳ ራሷን ነቀነቀች፤ ማንንም አንጎትትም ብላናለችና። እጄን አወረድኩ። ግን ከአክስቴ ጋር ማውራት አልተከለከለም።

«አክስቴ፣ ቦኖው ይሠራል ብለው ሊጽፉት ነው።»

«ማነው ይሠራል ያለው?»

«እናንተ! በርሜላችሁ! መሬታችሁ!»

ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። «ቧንቧውን ከፍተው አላዩትም?»

«ምን ያደርግላቸዋል? ሁሉ ነገር ሙሉ ነው።»

እንግዶቹን አየች፤ የመሪውን ሸሚዝ አየች፤ ቦኖውን አየች። ከዚያ አንድ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። አባቴ፣ ልጆች እያሉ አክስቴ ዓይኗን እንዲህ ካደረገች ጎረቤት ዶሮውን ይቆጥር ነበር ይላል።

«እንግዶቼ!» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ሳትቀምሱ መሄድ የለም!»

«እናቴ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ሌላ ቦታ ይጠብቁናል» አለ መሪው።

ሐጂ ከዘራቸውን መንገዱ ላይ እንደ ኬላ ዘረጉት። «ወላሂ አትወጡም! ሰፈራችንን ልታሰድቡ ነው?»

ወንበር መጣ። ትሪ መጣ። ትሪው ላይ ከቀፊራ ገበያ የመጣ ማንጎ ተከምሯል፤ ከመብሰል አልፎ በጣት ሲነኩት የሚፈስ ዓይነት።

ባለሙያዋ አየት አድርጋው «ቢላ ይኖራል?» አለች።

«ቢላችን ጠፍቷል» አለች አክስቴ። ቢላው ከኋላዋ ሽርጧ ላይ ተሸጉጦ ከእኔ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። «ደግሞ የድሬ ማንጎ በቢላ አይበላም፣ ይመጠጣል። አቦ በርቱ! ጋሼ፣ እርስዎ ትልቁን!»

መሪው መጀመሪያ በጥንቃቄ ነበር የያዘው፣ እንደ እንቁላል። በኋላ ግን ጣፈጠው። ጣፈጠውና ተጋ። ጭማቂው በጣቶቹ መሀል ወርዶ መዳፉን ሞላ፣ ከመዳፉ ወደ ክንዱ፣ ከክንዱ ወደ ተጠቀለለው እጅጌው መጓዝ ጀመረ። ሁለተኛ ሰጡት። እምቢ ሲል ሐጂ ከዘራቸውን አነሱ፤ በላ። ባለሙያዋ ታብሌቷን በክርኗ ወደ ጉያዋ ደግፋ ትመጥጣለች። አስተባባሪያችንም አልቀረችም፤ አገጯ ቢጫ ሆኗል። ዝንቡ ከየት ከየት ተጠራርቶ መጣ።

መጨረሻ ላይ መሪው ሁለት እጁን ከሸሚዙ አርቆ ይዞ «እባካችሁ፣ ትንሽ ውሃ?» አለ።

አንዲት ጎረቤት ፈጠን ብላ ጆግ ወደ በርሜሉ ሰደደች። አክስቴ እጇን መታቻት።

«ለትልቅ ሰው የቆየ ውሃ? አንቺ ደግሞ! ቦኖው እዚሁ አይደል፣ የሚሠራው? ኑ ጋሼ፣ በዚህ በኩል።»

እኔ ተጨነቅኩ። ይህ እንግዳ መጎተት ነው ወይስ አይደለም? ተከትያቸው እየሄድኩ አሰብኩበት። ማንም ሰውየውን አልነካውም፤ የገዛ እጁ ነው የወሰደው። አስተባባሪዬን ዞር ብዬ አየኋት። ጣቷን እየላሰች ሰማይ ሰማዩን ታያለች።

መሪው በሁለት ጣቱ መክፈቻውን ያዘና አዞረው። ሲጢጥ አለ። ደገመው። ከውስጥ የታመመ ሰው ትንፋሽ የሚመስል ነገር ወጣ፤ ትንሽ የዝገት ዱቄትም ጫማው ላይ ረገፈ። ሦስተኛ ሲያዞረው ከቧንቧው አፍ አንዲት እንሽላሊት ጭንቅላቷን ብቅ አደረገች፤ ማን ነው የሚያንኳኳው እንደማለት አየችውና ተመልሳ ገባች።

የሰፈሩ ልጆች በሳቅ መሬት ላይ ወደቁ። ሰውየው የሚያደርገው ጠፍቶት፣ የሚንጠባጠቡትን መዳፎቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆመ። ከሩቅ የተቀመጡት ሐጂ ዓይናቸው ብዙም አያይም፤ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲያዩ ዱዓ የተያዘ መሰላቸውና ጮክ ብለው «አሚን!» አሉ።

«አሚን!» አሉ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ። እነሱ ግን በደንብ ያያሉ።

ባለሙያዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። መሪው ለጥቂት ጊዜ ፊቱን አኮሳትሮ ሊቆይ ሞከረ፤ ከዚያ ሆዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በኋላ ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነው።

«እጄ አይነካውም» አለችኝ ባለሙያዋ ታብሌቷን በክርኗ እየገፋች። «አንቺ ጻፊልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ምን አየሽ?»

«የማይሠራ ቦኖ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ጻፍኩት። ፊደል እንዳልሳሳት ሁለቴ አነበብኩት።

ከዚያ አክስቴ ራሷ ጆጉን ይዛ መጣች። ማዕዱ አልቋል፤ እጅ እየታጠበ ነው፤ አሁን መናገር ይቻላል። ውሃውን እንደ ክር አቅጥና እያፈሰሰች «በደንብ እሸው ልጄ፣ ይቺ ውሃ ከአሸዋው ማዶ በጉልበቴ የመጣች ናት» አለችው። ሐጂም ጀመሩ፣ ጎረቤቲቱም፣ ጋሪ ነጂውም። ቧንቧው መቼ እንደቆመ፣ ማን ዘንድ እንዳመለከቱ፣ ስንት ጊዜ «ነገ» እንደተባሉ እየተቀባበሉ ነገሩት። ቅጹ ሊጠይቅ ያልቻለው ሁሉ፣ ሰውየው እጁን እስኪያደርቅ ተነግሮ አለቀ።

«እናቴ፣ ይህን ሁሉ ለምን ቅድም አልነገራችሁኝም?» አለ።

«ሳትቀምስ? በባዶ ሆድህ ችግር ላጉርስህ?»

የማጠቃለያው ስብሰባ ከዚራ ተደረገ። የማህበራቱን ክፍል እንዳነብ አስተባባሪዬ እኔን መረጠችኝ። ስለ መጋላው ቦኖ ስደርስ ከአዳራሹ መሀል አንድ የመንግሥት ኃላፊ ተነስቶ «ይቅርታ፣ ያ ቦኖ እኛ ባቀረብነው ሪፖርት አገልግሎት እየሰጠ ነው። ተማሪዋ መረጃውን ከየት አመጣችው?» አለ።

ታዳሚው ወደ እኔ ዞረ። የልዑካኑ መሪ ከመድረኩ ላይ ማይክሮፎኑን ወደ ራሱ ሳበ።

«አይሠራም» አለ። «በእጄ አረጋግጫለሁ።»

ለምን እንደሚያስቅ የገባን እኔ፣ አስተባባሪዬና ባለሙያዋ ብቻ ነን። ሰውየውም ሌላ ሳይጨምር ተቀመጠ።

ጥገናው እንደ ሥራ ሁሉ ተጓተተ። መንገዱ ተቆፈረ፤ ተቆፍሮ ቆየ፤ ልጆች መጫወቻ አደረጉት፤ ከዚያ አዲስ ቧንቧ ተቀበረ። አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የመምህሩን እያንዳንዱን ቃል ስጽፍ ስልኬ ነዘረ። አክስቴ በትምህርት ሰዓት ደውላ አታውቅም። እኔም ከክፍል ወጥቼ አላውቅም። ወጣሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት ጩኸት ብቻ ነው፤ የጀሪካን መንኳኳት፣ የልጆች ፉጨት፣ ከሁሉም በላይ የሚንፎለፎል ነገር።

«አክስቴ! ውሃ ነው?»

«ውሃ ነው!»

«እልል በይዋ!»

«ኋላ እላለሁ። አሁን አልዘጋ ብሎናል! ሐጂ ሞከሩ፣ ጋሪ ነጂው ሞከረ፣ መክፈቻው ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ለዚያ ለሸሚዙ ሰውዬ ደውዪለት።»

«ምን ልበለው?»

«'ይሠራል' በይው። 'አሁንስ በጣም ይሠራል' በይው።»

ከግድግዳው ጋር ተደግፌ ሳቄን ዋጥኩ። አስተባባሪዋ ጋ እደውላለሁ፣ አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ቶሎ እናስልካለን አልኳት። ከዚያ «ጉልበትሽስ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ምን ይሆናል?» አለችኝ። «ወንበር አውጥቼ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እያየሁት ነው።»