ቀፎ ላይ የሚሳለው ማን ነው?

ብሬዳ በስሎቬንያ ተራሮች ሥር ባለች አንዲት መንደር ሥዕል ስታስተምር ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሏ “ሚስቴ ሾርባ ታሳርራለች እንጂ ቀለም አታደርቅም” እያለ ያማታል። ዘንድሮ ግን ሳቋ ቀንሷል። ርዕሰ መምህሩ አቶ ድራጎ የሰባተኛ ክፍልን የሥዕል ሰዓት ለኮምፒውተር ትምህርት ሊሰጡ አስበዋል፤ የልጆቹን ሥራ አይተው ይወስናሉ። ያቺ ሰዓት ከሄደች ምን ቀራት? ስድስተኛ ክፍል ገና ከብሩሽ ጋር ይጣላል፣ ስምንተኛ ክፍል ደግሞ ከመስተዋት ጋር ፍቅር ይዞታል።

የአገሩ ንብ አርቢዎች የቀፏቸውን የጣውላ መዝጊያ በሥዕል ያስጌጣሉ። ከእነሱ አንዱ፣ ሽማግሌው ሎይዜ፣ ለሰባተኛ ክፍል ልጆች ባዶ ጣውላ ሰጡ። ልጆቹም ከጥንቶቹ ሥዕሎች ገለበጡ፤ የነገረኛ ሴት ምላስ በሞረድ የሚስል ሰይጣን፣ ባለጠመንጃውን አዳኝ የሚቀብሩ አውሬዎች። ሎይዜ መጥተው አዩና ተከዙ።

“እነዚህ እኮ የአያቴ ቀልዶች ናቸው። እናንተስ በምን ትስቃላችሁ?”

“በእርስዎ!” አለች አፏ የማያርፈው ተማሪ ኔዣ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሎይዜም አብረው። ብሬዳ ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። “በሉ፣ የአያት ቀልድ ይፋቅ! መንደራችን ዛሬ የሚስቅበትን ሳሉ።”

ሳሉም። ድመቶቻቸው አጥሩ ላይ ተቃቅፈው ሳለ በአጥር የሚካሰሱ ጎረቤታሞች ተሳሉ። ጢማቸው በማር የተጣበቀ ሎይዜ ተሳሉ። ኔዣ ደግሞ አቶ ድራጎን ሳለች፤ ጣራ ላይ ቆመው፣ ስልካቸውን በመንሽ ጫፍ ሰቅለው ኔትወርክ ሲፈልጉ፣ ጆሯቸው የጎመን ቅጠል አክሎ።

ብሬዳ ፈራች። ጥርሳቸው የማይታይ ሰው ይህን አይተው ሰዓቷን ሊምሯት? ጣውላውን ከቁም ሣጥኑ ኋላ ሸጎጠችው።

“ቲቸር፣ የኔስ?” አለች ኔዣ፣ የሌሎቹ ሲደረደር አይታ።

“አልደረቀም።”

“ኧረ ትናንት ደርቋል!”

ብሬዳ አፈረች። ያያችሁትን ሳሉ ስትል ኖራ፣ ዛሬ ያየችውን ትደብቅ? የፈሩት ይደርሳል ብላ አወጣችና ከሌሎቹ ጋር ደረደረችው።

አቶ ድራጎ መጡ። እየተራመዱ አይተው አይተው፣ የኔዣ ጣውላ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

“ይሄ እኔ ነኝ?”

“ታዲያ ማን ሊሆን ኖሯል?” አሉ ሥራውን ሊያዩ የመጡት ሎይዜ። “መንሹም የኔ ነው፣ እስካሁን አልመለሱልኝም!”

“ከማሪቦር ከተማ ከመጣሁ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ‘የማሪቦሩ ሰውዬ’ እያላችሁኝ…” አሉ አቶ ድራጎ።

“እሱ ድሮ ነው። እንግዳ ሰው ቀፎ ላይ አይሳልም፣ ነውር ነው። የምንቀልደው በራሳችን ሰው ነው።”

አቶ ድራጎ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉ። ከዚያ ወደ ኔዣ ዞሩ።

“አንቺ ልጅ፣ ለከርሞ ሰባተኛ ክፍል የሚገቡት ሲስሉኝ ጆሮዬን ቀነስ እንዲያደርጉት ንገሪያቸው።”

ለከርሞ አሉ። ብሬዳ ከዚያ በኋላ የተባለውን አንድም አልሰማችም።