ግድግዳችንን ገፋች የተባለችው ላም

ቤታችን በተነቃነቀበት ጠዋት ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ስንት ላም ያለ ጥፋቷ እንደ ተደበደበች ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። አሁን ይህን ስጽፍ ሳቄ ይመጣል። ያን ሰሞን ግን የሚስቅ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በጎን ዓይኑ ነበር የሚያየው።

መጀመሪያ የአገሩን ነገር ልንገራችሁ። በእኛ ዙሪያ ያሉት ሀዲያዎች ላማቸውን ውጭ አያሳድሩም። ሰው በሚያድርበት በዚያው ትልቅ የሣር ቤት ውስጥ፣ በአንድ ወገን ታስራ ታድራለች። ሲበላት ከምሰሶው ወይም ከግድግዳው ትታከካለች፤ ቤቱም በሙሉ ይነቃነቃል፣ ከጣራው ጥላሸት ይረግፋል። ባለቤቲቱ ከመኝታዋ ሳትነሳ በዘንግ አንድ ጊዜ ታሳርፍባታለች፤ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ስለዚህ በዚህ አገር ቤት ተነቃነቀ ማለት ላም ታከከች ማለት ነው። ሌላ ትርጉም ሰምተን አናውቅም።

እኛ ላም የለንም። አባቴ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው። ቤታችን ባለ ቆርቆሮ የጭቃ ቤት ሲሆን፣ አባቴ እሑድ እሑድ ራሱ ጭቃ እያቦካ ሁለት ክረምት የለፋበት ነው። ግድግዳውን ሰው ሲደገፍበት እንኳ አይወድም። ከኋላችን አንዲት ሀዲያ ባልቴት ይኖራሉ። ያላቸው አንዲት ቀይ ላም ናት። ሲነጋ አውጥተው በእኛ ግድግዳና በእሳቸው አጥር መካከል ካለችው ካስማ ያስሯትና እዚያው ያልቧታል። ላሟም አመል አላት፤ አንዳንድ ቀን እየተጠጋች በግድግዳችን ትታከካለች። አባቴ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቋቸው ነበር። በኋላ የሆነውን ለመረዳት ይህችን ልብ በሉልኝ።

ያን ዕለት ጎሕ ሲቀድ ከጓሮ ቆሜ ፊቴን ልታጠብ በሳፋ ውሃ አቅርቤ ነበር። ላሟ ከካስማዋ ታስራለች፤ ባልቴቷ የማለቢያውን ዕቃ ሊያመጡ ገብተዋል። እጄን ወደ ውሃው ሳልሰድ ውሃው በራሱ ተጨማደደ። ነፋስ የለም፤ ግን የእንሰቱ ቅጠል ተንኮሻኮሸ፣ ቆርቆሯችን አንድ እፍኝ በቆሎ እንደ ተበተነበት ተንጣጣ። ላሟን አየኋት። ከግድግዳው ሁለት ክንድ ርቃ፣ አንገቷን አቅንታ፣ ጆሮዋን አቁማ ታየኛለች። እውነቱን ለመናገር የጠረጠረችኝ ነበር የመሰለኝ። እኔ ደግሞ ባዶ ሆዴን ስለሆንኩ ዞረብኝ አልኩ።

ወዲያው ቆመ። እማዬ ቆርቆሮው ላይ ሌባ የወጣ መስሏት የእንጨት ማንኪያ ይዛ ብቅ አለች። ባልቴቷም ከቤታቸው ወጡና፣ ምንም ሳይጠይቁ፣ ላሟን በዘንግ ሁለት ጊዜ አሳረፉባት። አባቴ ይህን በመስኮት አየ።

ግድግዳው ከጣራው ሥር እስከ መሬቱ ተሰንጥቆ ነበር። ጣቴ ገባበት። አባቴ ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ዳሰሰው። ከዚያ ወደ ሳሎን ዞሮ በወዲያኛው ግድግዳ ላይ ያለው የጃንሆይ ሥዕል መዝመሙን ሲያይ ንዴቱን እኔ ላይ አወጣው፤ አቧራ ስጠርግ እንዳዘመምኩት፣ ለሥዕሉ ክብር እንደሌለኝ ነገረኝ። እኔ ሥዕሉን ከነካሁት ሳምንት አልፎኝ ነበር።

ለእማዬ ብቻ ውሃው እንደተንቀጠቀጠ፣ ላሟም ግድግዳውን እንዳልነካች ነገርኳት። ግንባሬን ዳሰሰች። ትኩሳት ስታጣብኝ ጓሮ ከማን ጋር ሳወራ እንደነበር ጠየቀችኝ።

አባቴ አጥቢያ ዳኛው ዘንድ ከሰሰ። ነገሩ አጭር ነበር፦ ባልቴቷ ግድግዳውን ያሠሩ፣ ላሟም ከዚያ ቦታ ትነሳ። ማስረጃውም እንደ እሱ አባባል አንድ ብቻ ሆኖ በቂ ነበር። «የላሟን ጥፋት ባታውቅ ለምን መታቻት?» ይል ነበር።

ግድግዳ ለማሠራት ባልቴቷ ያላቸው ነገር ያችው ላም ናት። ክሱ የሚሰማው ሐሙስ ነው፤ ከተፈረደባቸው ቅዳሜ ላሟን ገበያ ያወጧታል። ላም የሌላት ሴት ደግሞ ሴቶቹ ተራ በተራ ቅቤ ከሚያዋጡበት ከዊጆ ማኅበር ትወጣለች። የምታዋጣው የላትማ። ከዊጆ የወጣች ሴት ስትታመም ማን ይጠይቃታል፣ ልጇ ስትወልድ ማን ቅቤ ይዞ ይመጣል? ባልቴቷ ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከላሟ አጠገብ ሲነሱ አላየሁም።

በማግስቱ ጨው እንድገዛ ተላክሁ። ባለሱቁ ጉራጌ ነው፤ ሰውን በሳቅ የሚሸኝ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን የሁላችንንም እጅ ያይ ነበር። የጨው ጆንያዎቹ በፊተኛው ቀን ሲነጋ ተንሸራተው በሩ ሥር ተገኝተውበታል። መጀመሪያ ድመቷን፣ ቀጥሎ የጎን ባለሱቁን ጠርጥሯል። «ጆንያ እግር የለው፤ የሚሄደው ሲያስኬዱት ነው» አለኝና አንድ ሰው አይቼ እንደሆን በለሆሳስ ጠየቀኝ። ጨዉን እየሰፈረ፣ በዚያው ሰዓት እናቱም ጓሮ ያለችውን ላም መምታታቸውን እንደ ዋዛ አነሳው። ቤቱ ስለተነቃነቀ።

ጨዉን ይዤ ስመለስ እግሬ ቀስ አለ። በነጋታው ትምህርት ቤት ከሴቶቹ ልጆች አንዳንዷን ለብቻ እየጠራሁ ጠየቅሁ። ከሆመቾ መንገድ የምትመጣዋ ልጅ አባቷ ላማቸውን እንደመታ ነገረችኝ። ሌላዋ አያቷ። ሌላዋ ራሷ፣ በጫማ። ለምን እንደምጠይቅ ግን ሁሉም ጠረጠሩኝ፤ አንዷማ «አባትሽ ልኮሽ ነው?» ብላ ሄደች። የጂኦግራፊ መምህራችንን መሬት ይንቀጠቀጥ እንደሆን ጠየቅኋቸው። ባሕር ማዶ እንደሚንቀጠቀጥ፣ በእኛ በኩል ግን የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ነገሩኝና ማን እንዲህ ያለ ወሬ እንደሚያወራ በብርቱ ጠየቁኝ። ማንም እንዳላወራ ነግሬ ወጣሁ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ባልቴቷ በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉት ሁሉ የአባቴ ወዳጆች ናቸው፤ ለእሳቸው የሚጽፍ አልተገኘም።

«ልጄ፣ ላም የኔ አልገፋም» አሉኝ። «እኔ ነው የመታሁት። ሁልጊዜ እመታለሁ። አንቺ ጽፊልኝ።»

በአባቴ ላይ ልጽፍ ነው ማለት ነው። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ያን ጠዋት ላሟን ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ፤ ደግሞ ልደብቀው አልችልም፣ እስከዚያ ቀን የጻፍኩትን ከመምህር በቀር ያነበበልኝ አልነበረም። እሺ አልኳቸው። ከእንሰቱ መካከል ተቀምጬ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ሦስት ወረቀት አበላሽቼ በአራተኛው ጨረስኩት። ስጨርስ ደስታዬ ከፍርሃቴ ይበልጥ ነበር። ባልቴቷ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ተጫኑበት፤ ጣታቸውንም ለረጅም ጊዜ ከወረቀቱ አላነሱትም።

ያላሰብኩት ነገር አንድ ነው። አጥቢያ ዳኛው የራሳቸው ጸሐፊ የላቸውም፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ወረቀት ሲቀርብላቸው ከሰፈሩ ሰው ማንበብ የሚችል ያነብላቸዋል። ያ ሰው ሁልጊዜ አባቴ ነው።

ሐሙስ ዕለት ዳኛው ከሚያስችሉበት ከወይራው ዛፍ ሥር ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል። እኔ ከእማዬ ጀርባ ቆምኩ። ዳኛው ወረቀቱን አገላበጡና ለአባቴ ዘረጉለት። «ከሳሽም ብትሆን ካንተ የተሻለ አንባቢ የለንም፤ አንብበው» አሉት። አባቴ መነጽሩን አድርጎ የመጀመሪያውን መስመር አየና ቆመ። የሰውን እጅ ጽሑፍ ሲያይ ውሎ የሚገባ ሰው ነው። ወደ እኔ አልዞረም። ወደ ወይራው ቅርንጫፍ ቀና ብሎ ትንሽ ቆየ።

ከዚያ አነበበው። እንደ መንግሥት ደብዳቤ ድምፁን አጥርቶ፣ አንዲት ቃል ሳይዘል። «ላሜን መምታቴ እውነት ነው። የመታኋት ግን ስትገፋ አይቼ ሳይሆን ቤቴ ስለ ተነቃነቀ ነው። በዚያው ሰዓት ላሙን የመታ ሌላ ሰው እንዳለ፣ የተከበሩ ዳኛ የተሰበሰበውን ሕዝብ እንዲጠይቁልኝ እለምናለሁ።»

ዳኛው ጠየቁ።

እኔ ይሄን ጊዜ ሰው እየተንጋጋ የሚነሳ መስሎኝ ነበር። ለካ የጻፍኩት ራሴ ወጥመድ ነው። ወረቀት ተነቦ፣ በዳኛ ፊት፣ ላም ያለው ማን ነው ሲባል ሰው የሚሰማው የከብት ግብር ብቻ ነው። አንዱ ቀስ ብሎ እሱ ላም ኖሮት እንደማያውቅ ተናገረ፤ ጎረቤቱ ሳል ያዘው። ሌላው ወረቀት ላም ከጠየቀ ለደግ እንዳልሆነ አጉረመረመ። ባለሱቁ ጭራሽ ፊቱን አዞረ። ባልቴቷ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው አፋቸውን ሸፈኑ። ላሟ ስትሸጥ ታየኝ፤ የሸጥኳትም እኔ ሆኜ ተሰማኝ።

ዳኛው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ጥቂት አሰቡ።

«እኔ መትቻለሁ» አሉ። «ሁለት ጊዜ። ምሰሶው ሲወዛወዝ በዚህችው ከዘራ። ለግብር ከሆነ እንግዲህ ከእኔ ይጀምራላ።»

መጀመሪያ የሳቁት ሴቶቹ ናቸው። ከዚያ አንዱ እኔም አለ፣ ሌላው እኔም አለ፤ ላም ኖሮኝ አያውቅም ያለው ሰውዬም የእሱ ገና ጥጃ ስለሆነች ላም እንዳላላት፣ እሷን ግን እንደመታ ተናዘዘ። ባለሱቁ ስለ ጆንያዎቹ ተናገረ። የጎን ባለሱቁ ሦስት ቀን ሙሉ የተኮረፈው ለዚህ እንደሆነ ያኔ ገባው።

ዳኛው ሁሉንም ሰምተው ወደ አባቴ ዞሩ። «ጸሐፊ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በወዲያኛው በኩል፣ ላሟ በማትደርስበት ግድግዳ ላይ፣ የተነካ ነገር ነበር?»

ይህን የሚያውቀው እኛ ቤት ያለ ሰው ብቻ ነው፤ አባቴ የለም ቢል ማንም አይይዘውም። መነጽሩን አወለቀ።

«የጃንሆይ ሥዕል ዘሞ ነበር» አለ። «ልጄን ተቆጥቼበታለሁ።»

«ላሟ እዚያ ትደርሳለች?»

«አትደርስም።»

ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ በሀዲይኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ባልቴቷ ወደ እኛ ዞረው በአማርኛ ደገሙት። «መሬት ነው አሉ፣ የታከከው።» ቆመው የነበሩ ሰዎች እግራቸውን አነሳ ጣል ሲያደርጉ አየሁ። ሰው ከላም፣ ከድመት፣ ከጎረቤት ቢጣላ የሚያደርገውን ያውቃል። መሬትን በምን ዘንግ ይመቱታል?

ክሱ ተሰረዘ። ላሟ ከቤቷ ትኑር፣ ካስማዋ ግን ከግድግዳው አምስት እርምጃ ይራቅ ተባለ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ፊት ፊት ይሄድ ነበር። በራፋችን ሲደርስ ቆመና እስክደርስበት ጠበቀኝ።

«ማመልከቻ ስትጽፊ በግራ በኩል አራት ጣት ህዳግ ይተዋል» አለኝ። «ዳኛው የሚጽፍበት ቦታ ያጣል።»

«እሺ አባባ» አልኩ።

«ውሃው የምር ተንቀጥቅጦ ነበር?»

«አዎ።»

ለምን ለእሱ እንዳልነገርኩት ጠየቀኝ። ለእማዬ መናገሬን ነገርኩት። እማዬን አያት። እማዬ መሬት ይሁን ሌላ እንደማታውቅ፣ ያችን ላም ግን እስከ ዛሬ እንደማታምናት ነግራው ወደ ጓዳ ገባች።

ላሟ ገበያ ልትወጣ በነበረበት ቅዳሜ አባቴ ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃ ከጭድ ጋር ሲያቦካ ዋለ። ስንጥቁ ተደፈነ። የጭቃ ግድግዳ ግን በትኩስ እበት ካልተለቀለቀ ተመልሶ ይሰነጠቃል፤ እበት ያለውም አንድ ቦታ ብቻ ነው። ማንም ማንንም አላየም። በመጨረሻ እማዬ ሳፋውን ሰጠችኝ።

ባልቴቷ በሁለት እጃቸው እየዘገኑ እስከ አፉ ሞሉልኝ። ለአባቴ ምን ልበልልዎት ስላቸው፣ «ካልበቃ ነገም አለ በይው» አሉኝ። ላሟ በአዲሷ ካስማ ታስራ ነበር። እንደዚያ ጠዋት አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ጆሮዋን አቁማ አየችኝ። እኔም ሳፋውን እንደያዝኩ ቆሜ እግሬ ሥር ያለውን መሬት አየሁ፤ ዝም ብሏል። ለማንኛውም ብዬ ፈጠን ፈጠን እያልኩ ተመለስኩ።