ዐሥር ኪሎ የሚችል መጫኛ

መምህር ኢያሱ ዕቃ አይወድም። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ ቦንጋ ሲወርድ የያዘው አንድ ሻንጣ ነበር፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ካስተማረ በኋላም፣ ሚስቱንና ሁለቱን ልጆቹን ካልቆጠርን፣ ሀብቱ ከዚያች ሻንጣ ብዙም አላለፈም። የሚሳሳለት ንብረት ቢኖር ብስክሌቱ ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪ አይደል፣ በየዓመቱ ካርታ ላይ በዘንግ የሚጠቁመውን አገር በዓይኑ ማየት አማረው። በ1995 ዓ.ም. የጥር እረፍት በብስክሌት ቢታ ገነት ደርሶ ሊመለስ ቆረጠ።

ባልደረቦቹ ይህን ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አበሉ ስንት ነው?» አበል የለውም ሲላቸው ከልብ አዘኑለት።

ሚስቱ ትርንጎ ግን አላዘነችም፣ አልሳቀችም። አባቷ አቶ ጉግሳ ከቢታ ገነት ወዲያ ባለች መንደር ይኖራሉ፤ ካነጋገሯት ዐሥር ዓመት አልፏል። ጥፋቱ የኢያሱ ነው፣ አይካድም። በወጣትነቱ፣ «እኔና አንቺ ከተስማማን ሽማግሌ ምን ያደርጋል?» ብሎ በማዘጋጃ ቤት ፊርማ አገባት። ደጃቸው ሽማግሌ ሳይላክ ልጃቸው የተወሰደችባቸው አባት ተቀየሙ። ደብዳቤ ብትጽፍ መልስ የለም። ወለድኩ ብላ ሰው ብትልክባቸውም ዝም።

«መንገድህ ከሆነ አባዬ ጋ ጎራ በል» አለችው፣ ዓይኗን ከምትለቅመው ምስር ሳታነሳ።

እሺ አላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጉዞው የሽርሽር መሆኑ ቀረ።

ብስክሌቱ የኋላ መጫኛ ስላልነበረው ኢያሱ ወደ ብረት በያጁ ጣሰው ሄደ። ጣሰው ሁለት ምርጫ አቀረበለት። አንደኛው ከፌሮ የተበየደ፣ ኩንታል ቢሸከም ወገቤን የማይል፤ ታዲያ ባዶውን አምስት ኪሎ ይመዝናል። ሁለተኛው አንድ መንገደኛ ፈረንጅ ትቶት የሄደ አልሙኒየም ነው፤ በሁለት ጣት ይነሳል፣ ከዐሥር ኪሎ በላይ ግን አይችልም።

«ጋሼ፣ የፌሮውን ይውሰዱ» አለ ጣሰው። «ይሄኛው መልክ ብቻ ነው።»

«የምጭነው እኮ ስድስት ኪሎ ነው። ዳገቱን የምወጣው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ስድስት ኪሎ መሆኑን በደንብ ያውቃል። ጋቢውን፣ ፎጣውን፣ ቅያሪ ልብሱን፣ በሶውንና የጎማ መለጠፊያውን አንድ በአንድ ሰሚር ሱቅ አስመዝኗል። ሰሚርም «መምህር፣ ፎጣዋን በጅምላ ነው በችርቻሮ?» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ቀልዶበታል።

በማግስቱ ትርንጎ ጣሰው ዘንድ ድረስ ተከትላው መጣች። የብስክሌት ነገር ደንታ ሰጥቷት አያውቅም። ሁለቱንም መጫኛ አንስታ አየች።

«የብረቱን ውሰድ» አለችው።

«ምን ልጭንበት?»

«እንዲያው ነው። የብረቱ ይሻላል።»

«ትርንጎዬ፣ አምስት ኪሎ ብረት በከንቱ ዳገት ላውጣ?»

የብረቱን መልሳ መሬት አስቀመጠችው። እሱም አልሙኒየሙን በአራት ብሎን አሳሰረ። የተማረ ሰው ሚዛን ካየ በኋላ ማን ይመልሰዋል!

መንገዱ እንደተመኘው ሆነለት። ዳገቱን ከብስክሌቱ ወርዶ እየገፋ፣ ቁልቁለቱን ፍሬኑ እስኪሸት እየወረደ፣ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ቆሞ እያየ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መንደሯ ደረሰ። ደስታው እዚያ አበቃ። አቶ ጉግሳ ከእንሰታቸው መሃል ብቅ ሲሉ ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደግፎ ወደ እሳቸው ሄደ።

«አባባ፣ ኢያሱ ነኝ፣ የትርንጎ ባል። ያኔ ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ» አለ አጎንብሶ። «አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው አማርኛ ብዙ አይቀናቸውም። እሱን አዩ፣ ብስክሌቱን አዩ።

«በዚህ መጣህ? ከቦንጋ?»

«አዎ።»

«ግባ።»

አበሉት፣ አስተኙት። ስለ ትርንጎ ግን ትንፍሽ አላሉም። ማንኛውም መንገደኛ ቢመጣ ይበላል፣ ይተኛል። ኢያሱ ለሚስቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት ሲያስብ ነጋ።

ጠዋት ቦርሳውን ሲያስር ሽማግሌው ማር የሞላ ጄሪካን ተሸክመው ወጡ፤ ሃያ ኪሎ ያልፋል። ተመልሰው ገብተው ደግሞ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አመጡ። «ለልጄ» አሉ። ጄሪካኑን መጫኛው ላይ ገና ሲያሳርፉት አልሙኒየሙ ጎበጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ተገርመው።

ኢያሱ ጎንበስ ብሎ የጎበጠውን መጫኛ ዳሰሰ። የሚስቱ ነገር የገባው ያን ጊዜ ነው። እሱ መጫኛ የመረጠው ለመሄጃው ነበር፤ እሷ ለመመለሻው። በዚያ አገር የታረቁት ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም። አባዬ ይታረቁኝ ይሆናል ብላ በአፏ መናገር ፈርታ፣ የብረቱ ይሻላል አለች፤ ምናልባት ቢሰጡኝ ማለቷ ነበር። ግማሹን ልተወው ብሎ ለማሰብ እንኳ አልደፈረም። ጄሪካኑን ኮርቻው ላይ አስቀምጦ በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ቅዳጅ ጠፍሮ አሰረው፤ ቆጮውን ከመሪው ላይ አንጠለጠለ። ቦንጋ ድረስ በእግሩ ገፋ። የሁለት ቀኑ መንገድ አራት ቀን ፈጀበት።

ትርንጎ ደጅ ደጁን ስታይ ነበር። እያነከሰ ብስክሌት የሚገፋ ሰው በሩቁ ስታይ፣ ወድቆ ተጎዳ ብላ ነጠላዋ ከትከሻዋ እስኪወርድ ሮጠች። አጠገቡ ስትደርስ ጄሪካኑን አየችና ቆመች።

«የማን ነው?»

«ያንቺ።»

ሁለት እጇን ጄሪካኑ ላይ አሳረፈች። እንባዋ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም።

«ምን ብለው ሰጡህ?»

«‹ለልጄ› አሉ።»

«‹ለልጄ› አሉ?»

«አዎ፣ ‹ለልጄ›።»

«እስቲ ድገምልኝ» አለችው።

መንገድ መሃል እንደቆሙ ደገመላት።