የሚስ ሮዛሊንድ መንጋጋ

ሚስ ሮዛሊንድ ባኒክ ፊላዴልፊያ ዳርቻ ባለው የሴቶች ትምህርት ቤታችን የንግግር መምህርት ነበረች። ሥራዋ የባለጸጋ ልጆችን እንደ አያቶቻቸው እንዲናገሩ ማድረግ ነው። እንደ ሀብታሞቹ መንጋጋዋን ገጥማ፣ ቃሉን በአፍንጫዋ እያሳለፈች ስትናገር የሰማት ሁሉ የትልቅ ቤት ልጅ ትመስለው ነበር። ስክራንተን በምትባል የከሰል ማውጫ ከተማ የከሰል ቆፋሪ ልጅ መሆኗን የማውቀው እኔ የቢሮው ጸሐፊ ብቻ ነኝ፤ ደብዳቤዋ በእጄ ያልፋላ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምስጢሯን በሆዴ ይዤ ኖርኩ። ለእኔ ዓይነቷ ወሬኛ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

"ከታወቀብኝ በማግስቱ ሻንጣዬን ይዤ ነው የምወጣው" ትለኝ ነበር። ስለዚህ ከዘመዶቿ አንድም ሰው ጠርታ አታውቅም። እናቷ እንኳ ግቢውን ሳታይ ሞተች።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ በሁለት ዓመቱ፣ በምረቃው ቀን፣ ወላጆች ሣሩ ላይ ሻይ ሲጠጡ አንድ ትከሻው ሰፊ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ ተጣራ።

"ሮዚ! አንቺ ሮዚ! ምነው ፈዘዝሽ፣ ጠፋሁብሽ እንዴ?"

ወንድሟ ስቲቭ ነበር፤ ሳይጠራ የመጣ። ሮዛሊንድ አመድ መሰለች። አጠገቧ የቆሙት ደግሞ የቦርዱ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሎውሪ ናቸው፤ ከሁሉም ሀብታም፣ ሹራባቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ።

"ማነው?" አሉ።

"ወንድሜ ነው፣ እመቤቴ። ከሰል ቆፋሪ ነው። አባታችንም እንደዚያው ነበር። ዛሬውኑ እለቃለሁ።"

"ወዴት ነው የምትለቂው? የመጣሽ ዕለት አይደል እንዴ ያወቅንብሽ! አዲስ ጓንት፣ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ቦርሳ! ከእኛ ከነባር ባለጸጎች ማን እንዲህ አዲስ በአዲስ ይለብሳል? ደግሞ አንቺ ቃሉን አጥርተሽ ነው የምትጨርሺው፤ እኛ እናልጎመጉማለን።"

"ታዲያ ለምን ቀጠሩኝ?"

"አነጋገሩ አብሮን ስለተወለደ እንዴት እንደምንናገር አናውቀውማ! ለፍቶ የተማረ ነው የሚያስተምረው።"

ሮዛሊንድ ሣሩ ላይ ዘፍ አለች። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። እኔም እፎይ አልኩ፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ ሁሉ የሚያውቀውን ምስጢር ስጠብቅ መኖሬ አናደደኝ።

ስቲቭ ሮጦ ደረሰና "ምን አደረጓት?" ብሎ አፈጠጠብን።

ተነስታ ክንዱን ያዘችውና ወደ ወላጆቹ ወሰደችው። በስክራንተን ሰው አነጋገር፣ ጮክ ብላ፣ "ስቲቭ ባኒክ ይባላል፤ ወንድሜ ነው" እያለች ከእያንዳንዱ ጋር አስተዋወቀችው። አንዱንም አልዘለለች።